ስንቁ ከመሣሪያው ይቀድማል፦ በደባርቅ ለአነስተኛ ምግብ አቅራቢ ድርጅት የኮምፒውተርና የሶፍትዌር አመራረጥ

መግቢያ

ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሊማሊሞ ቁልቁለት ከሚጀምርበት አፋፍ አጠገብ የምትገኘው ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ በዙሪያው አስጎብኚዎች፣ ስካውቶች፣ በቅሎ ነጂዎችና ምግብ አብሳዮች የሚተዳደሩበት የሥራ መስክ ተፈጥሯል። በዚህ መስክ የተሰማራ አነስተኛ ምግብ አቅራቢ ድርጅት አንድ ሳምንት ለእግር ተጓዦች ስንቅ ያደራጃል፤ በሌላው ሳምንት ለሥልጠና ተሳታፊዎች ምሳ ያቀርባል ወይም የሠርግ ድግስ ይረከባል።

የኮቪድ ወረርሽኝና በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት የጎብኚውን ፍሰት ካዳከሙት በኋላ፣ እንዲህ ያለው ድርጅት ለስህተት የሚተርፍ ካፒታል የለውም። በቁጠባ ወይም በብድር የተገዛ ኮምፒውተር ከጥቂት ወራት በኋላ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ቢይዝ፣ የባከነው የመሣሪያው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ለጤፍ፣ ለዘይትና ለበቅሎ ኪራይ ሊውል ይችል የነበረ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የመስክ ቆጠራ ውጤት አያቀርብም፤ ከሥራው ጠባይና ከአካባቢው ሁኔታ ተነሥቶ የመምረጫ ሥርዓት ይቀርጻል። የሚከራከርለትም ሐሳብ አንድ ነው፦ ምርጫው ከመሣሪያው ሳይሆን ሊያዝ ከሚገባው መዝገብ መጀመር አለበት።

ሥራው የሚጠይቀው መዝገብ

በከተማ ምግብ ቤት ሽንኩርት ቢያልቅ ከገበያ ይገዛል። በቅሎዎቹ ከደባርቅ ተነሥተው ሳንካበርን አልፈው ወደ ጨነቅ ካመሩ በኋላ ግን የጎደለው እንደጎደለ ይቀራል። ስለዚህ የተራራ ስንቅ አቅራቢ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ፈጣን የሽያጭ መመዝገቢያ ሳይሆን ትክክለኛ የስንቅ ስሌት ነው።

ለማሳያ ያህል 12 ሰዎች ያሉበት፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ የሚቆይ የአራት ቀን ጉዞ እንውሰድ። የሰውን ቁጥር በቀንና በሦስት ማዕድ የሚያባዛ ፕሮግራም 144 ማዕድ ይላል፤ ሁሉንም በፍስክ ይቆጥራል። ከ12ቱ አምስቱ ረቡዕንና ዓርብን የሚጾሙ፣ ቁርስም የማይበሉ ቢሆኑ ስሌቱ ይለወጣል። አምስት ሰዎች በሁለት ቀን 10 ቁርስ ይተዋሉ፤ በቀሪዎቹ ሁለት ማዕዶች ደግሞ 20 የጾም ምግብ ይፈልጋሉ። ትክክለኛው ድምር 134 ማዕድ ሲሆን 114ቱ የፍስክ፣ 20ው የጾም ነው። የመጀመሪያው ስሌት በ30 ማዕድ፣ ማለትም ከአምስት እጅ አንዱን በሚያልፍ መጠን ተሳስቷል። ከባሕር ማዶ የመጣ የምግብ ዝግጅት ሶፍትዌር ይህን አያውቅም። ዐቢይ ጾም ከፋሲካ ጋር ስለሚዘዋወር፣ በበዓለ ሃምሳም ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ፣ የተመረጠው ፕሮግራም የዓመቱን የጾም ቀናት በእጅ ለማስገባት መፍቀድ አለበት።

ሁለተኛው የአካባቢው ጠባይ ከፍታ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ 3,600 ሜትር ገደማ በሚደርሰው በጨነቅ ደግሞ ወደ 88 ይወርዳል። ምስርና ባቄላ ለመብሰል የሚወስዱት ጊዜ፣ የሚፈጁትም ነዳጅ ይጨምራል። በመሆኑም ከሶፍትዌር ጋር ተዘጋጅተው የሚመጡ የምግብ አሠራርና የወጪ ቀመሮች ለዚህ ቦታ አይሆኑም። ድርጅቱ የራሱን መጠን በየጉዞው እየመዘነ መመዝገብ ይኖርበታል።

የመሣሪያ ምርጫ

ከፍታው ማሽኑንም ይነካል። በተለመደው ሀርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ነው። ብዙ አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት የከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው። ደባርቅ ከዚህ ወሰን በታች ብትሆንም የፓርኩ ሰፈሮች ያልፉታል። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ግን በዚህ አይቸገርም፤ በበቅሎ ጭነት ላይ የሚደርሰውን መንገጫገጭም የተሻለ ይቋቋማል። አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዣው ሙቀትን የማስወገድ ዐቅሙ ይቀንሳልና፣ ኃይለኛና ሙቀት አመንጪ ፕሮሰሰር መምረጥ ጥቅም የለውም።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ነው። 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው አነስተኛ ዩፒኤስ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከነስክሪኑ 120 ዋት የሚወስድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር በስሌት 42 ደቂቃ ሊሠራበት ይገባ ነበር፤ ባትሪው በፍጥነት ሲራገፍና ኃይሉ ሲለወጥ በሚደርሰው ብክነት ምክንያት ግን ከግማሽ በላይ መጠበቅ አይገባም። በአንጻሩ 50 ዋት ሰዓት ባትሪ ያለውና 15 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል። ባትሪው ካልደከመ ያገለገለ ላፕቶፕ እንኳ ለዚህ ሥራ ከአዲስ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ይልቅ ይመረጣል። ከመግዛት በፊት ባትሪውን ሞልቶ፣ ከሶኬት ነቅሎ ሰዓት መያዝ ከማንኛውም የሻጭ ማብራሪያ የበለጠ ይነግራል።

የአነስተኛ ደረሰኝ አታሚዎችም ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ በውስጣቸው የግእዝ ፊደል የላቸውም፤ አማርኛ የሚያትሙት ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ወደ ምስል ለውጦ ሲልክላቸው ነው። ስለዚህ ገዢው እዚያው ሱቅ ውስጥ የአማርኛ ዝርዝር ማሳተም አለበት። ከዚህ አታሚ የሚወጣ ወረቀት የውስጥ መዝገብ እንጂ ሕጋዊ ደረሰኝ አለመሆኑም መታወቅ ይኖርበታል። በደንብ ቁጥር 139/1999 መሠረት የሽያጭ መመዝገቢያ የመጠቀም ግዴታ ያለበት ነጋዴ በግብር ባለሥልጣኑ ዕውቅና የተሰጠውን መሣሪያ ይይዛል፤ ዕውቅና የሌለው የሽያጭ ሶፍትዌር አይተካውም።

የሶፍትዌር ምርጫ

ለአማርኛ መዝገብ መሠረቱ ዩኒኮድ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ዝርዝር ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም አልባ ምልክት ይሆናል፤ ለመፈለግም ሆነ በፊደል ተራ ለመደርደር አይመችም።

ይሁን እንጂ ዩኒኮድ አንድ ችግር ሳይፈታ ይተዋል። “ሥጋ” እና “ስጋ” ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጠዋት የመዘገበው ሠራተኛ በንጉሡ “ሠ”፣ ማታ የመዘገበው በእሳቱ “ሰ” ቢጽፍ ክምችቱ ለሁለት ይከፈላል፤ መዝገቡ አለ እያለ ዕቃው ይጎድላል። “ጐመን” እና “ጎመን”፣ “ዓሣ” እና “አሳ” እንዲሁ ናቸው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ዕቃ ቋሚ መለያ ቁጥር መስጠትና ስሙን በየጊዜው ከመጻፍ ይልቅ ከዝርዝር እንዲመረጥ ማድረግ ነው። ይህን ኤክሴልም ሆነ በነጻ የሚገኘው ሊብረኦፊስ ያከናውናሉ።

የዘመን አቆጣጠርም ፈተና ነው። የሀገራችን የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ በኮሌጆቻችን የሚሰጠው ፒችትሪን የመሰለ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚያውቀው የጎርጎርዮሳውያኑን ቀን ነው። ሐምሌ 1 በዚያ አቆጣጠር ምንጊዜም ጁላይ 8 ላይ ይውላል። ሁለቱን ቀናት ጎን ለጎን የሚይዝ ዓምድ ካልተዘጋጀ የወር መዝጊያው ከግብር መዝገቡ ጋር አይገጥምም፤ ጳጉሜንም ቦታ ታጣለች።

በመጨረሻም ሶፍትዌሩ ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ቆይቷል። መዝገቡን በሙሉ በበይነ መረብ ላይ ያስቀመጠ ድርጅት በእንዲህ ያለ ጊዜ የዕዳውንና የክምችቱን ቁጥር ማየት አይችልም። ስለዚህ ዋናው መዝገብ በላፕቶፑ ላይ ይሁን፤ በየምሽቱ ቅጂው በሁለት ፍላሾች ይያዝ፤ አንደኛው ፍላሽ ከሥራ ቦታው ውጭ ይደር። ኢንተርኔት ሲገኝ የሚላከው ቅጂ ተጨማሪ ዋስትና እንጂ መተማመኛ አይደለም።

የአመራረጥ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተዘረዘረው አራት ደረጃዎች ይወጣሉ። በመጀመሪያ ድርጅቱ ሦስት ሥራዎችን በደብተር ይመዝግብ፦ የወጣውን ስንቅ፣ የተመለሰውን፣ የተበላሸውን፣ የተከፈለውን። በሁለተኛ ደረጃ ደብተሩ በሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ በመለያ ቁጥር ይገልበጥ፤ ለዚህ የተዋሰ ኮምፒውተርም ይበቃል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ሠንጠረዡ የጎደለውንና የተረፈውን በትክክል መናገር ሲጀምር፣ ላፕቶፑ ይገዛ። ልዩ የምግብ ዝግጅት ሶፍትዌር የሚታሰበው በአራተኛ ደረጃ፣ ሠንጠረዡ በግልጽ የማይወጣው ሥራ ሲገኝ ብቻ ነው።

ሁለት ዕጩ ፕሮግራሞችን ለማወዳደርም ከላይ ያየነውን የአራት ቀን ጉዞ መስጠት ይቻላል። 114 የፍስክና 20 የጾም ማዕድ ለይቶ ማውጣት ያልቻለ፣ መስኮቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለደባርቅ ሥራ አልተሠራም።

መደምደሚያ

የኮምፒውተር ምርጫ በተለምዶ ከፍጥነትና ከማከማቻ መጠን ይጀምራል። ለአነስተኛ ምግብ አቅራቢ ግን ወሳኞቹ ጥያቄዎች ጾሙ፣ ከፍታው፣ መብራቱ፣ ፊደሉና ዘመን አቆጣጠሩ ናቸው፤ ሁሉም በመጠነኛ ማሽንና በነጻ በሚገኝ ሶፍትዌር ሊመለሱ ይችላሉ። በኮምፒውተር ሳይንስና በሒሳብ አያያዝ የትምህርት ክፍሎች ያሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሊያበረክቱ የሚችሉት ጠቃሚ ነገር አለ፦ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ፣ የጾም ቀናትን ከባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የስንቅ ሠንጠረዥ። ሥራው ትንሽ ቢመስልም፣ ጨነቅ ደርሶ ከረጢቱን የሚፈታው አብሳይ የሚያገኘው የቆጠረውን ያህል ይሆናል።