ሲ ድራይቭ ለሞላብህ ልጄ

ልጄ፣ በገበያው ቀን ስትደውልልኝ ነገሩ ገና ከድምፅህ ገብቶኛል። «ሲ ድራይቩ ቀይ ሆኗል፣ ወርድ ሴቭ አላደርግም አለኝ፣ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል» አልከኝ። እዚህ እንሴኖ ጽሕፈትና ኮፒ ቤቱን ከከፈትኩ ጀምሮ ያቺን ቀይ መስመር ስንት ጊዜ እንዳየኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። አንተ እጅህ ፈጣን ነው፤ ፊደል ስትለቅም እኔ እንኳ አልደርስብህም። ጥፋትህ ደጁን ብቻ ማየትህ ነው። ደንበኛውን በደንብ ታስተናግዳለህ፤ ጓዳው ግን ሞልቶ እስኪፈስ ዞር ብለህ አታየውም። በስልክ ከምጮህብህ ተቀምጬ ልጻፍልህ ብዬ ነው። አንብበህ ስትጨርስ ከኪቦርዱ ሥር አስቀምጠው።

1. መጀመሪያ የሞላው ምን እንደሆነ ተመልከት። ሴቲንግስ ግባ፣ ሲስተም በል፣ ከዚያ ስቶሬጅ። ማን ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ዘርዝሮ ያሳይሃል። በአፕዴት የምናመካኘው ሸክም ብዙ ጊዜ የገዛ እጃችን ሥራ ነው። በፍላሽ የመጣ ፊልም አለ፤ ሦስት ጊዜ ስካን የተደረገ የአንድ ሰው መታወቂያ አለ፤ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «እውነተኛ ፋይናል» የተባለ የአንድ ተማሪ ማመልከቻ አለ። እነዚህን ወደ ዲ ድራይቭ ወይም ወደ ውጭው ሃርድ ዲስክ አውጣ። ግን አሮጌ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆኗል ብለህ የደቡብ ራስጌ ያለባቸውን ደብዳቤዎች እንዳታጠፋ። የዚያን ጊዜውን ግልባጭ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ዛሬም አለ፤ ነገም ይመጣል።

2. አዲሱ አፕዴት ሳይፈተን የድሮውን አትጣል። የማረቆ በርበሬ ነጋዴ ስታይ አድገሃል። አዲሱ ምርት ሲገባ ከራሚውን በዚያው ቀን መንገድ ላይ አይደፋውም፤ አዲሱ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ቀለሙ እስኪታይ ከመጋዘኑ ጥግ ያቆየዋል። ዊንዶውስም እንዲሁ ነው። አዲስ አፕዴት ሲጭን በእሱ የተተካውን የቀድሞውን ወዲያው አይጥልም። አዲሱ ካልተስማማው «መልሰኝ» ስትለው የሚመለሰው በዚያ ነው። እንግዲህ የድሮውን ስታጠፋ ቦታ ታገኛለህ፤ የመመለሻው መንገድም አብሮ ይዘጋል። ፕሪንተሩ ማተሙን፣ ስካነሩ መታዘዙን፣ የግዕዝ ፊደል መጻፊያው አለመዛባቱን ሁለት ሳምንት ያህል እየሠራህበት እይ። ከዚያ ከራሚው ይውጣ።

3. የሲስተሙን ዕቃ በሲስተሙ መሣሪያ ብቻ አውጣ። ስታርት ላይ «ዲስክ ክሊንአፕ» ብለህ ፈልግ፣ ሲን ምረጥ። መጀመሪያ የሚመጣው ዝርዝር እንዳያታልልህ፤ እሱ ላይ የአፕዴት ነገር የለም። ከታች «ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ስትነካው እንደገና ይቆጥርና «ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ» የሚል መስመር ያመጣል። የምትፈልገው እሱ ነው። አንዳንዴ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ይላል፤ ለዓመታት ባልጸዳ ማሽን ላይ ግን ብዙ ጊጋባይት ሲል አይቻለሁ። በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ይኸው ነገር ስቶሬጅ ውስጥ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» በሚለው ሥር ተቀምጧል። ይህ መስመር ለዊንዶውስ 7 የመጣው በመስከረም 2006 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት እኛ የነበረን መፍትሔ አንድ ነው፦ ፎርማት ማድረግ።

4. ምልክት የምታደርግበትን መስመር ሁሉ አንብበው። እዚህ ላይ አምርሬ ነው የምናገርህ፤ አንተ «ሁሉንም ምረጥ፣ ኦኬ» ማለት ትወዳለህና። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት ከሚጸዱት ዝርዝር ውስጥ «ዳውንሎድስ» ፎልደርን ጨምሮ ነበር። ዳውንሎድስ ደግሞ እንደምታውቀው የደንበኛ ሰነድ ሁሉ ማረፊያ ነው፤ ከቴሌግራም የወረደው፣ ከኢሜይል የመጣው፣ የነገ የሥራ ማመልከቻ። በኋላ ከዲስክ ክሊንአፕ አውጥተውታል፤ ስቶሬጅ ውስጥ ባለው ዝርዝር ግን ዛሬም ታገኘዋለህ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ኮምፒውተር አልነበራትም፤ ቢኖራት እዚህ መስመር ላይ ምልክት ታደርግ ነበር።

5. «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የሚባል ፎልደር ካገኘህ ሳትከፍተው አታጥፋው። ከሁሉም በላይ ይህችን ያዝ። ዊንዶውስ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲሻገር የቀደመው ቤት እንዳለ በዚህ ስም ይቀመጣል፤ 20 ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ሲይዝ አይቻለሁ። ሐሳብህን ቀይረህ ወደ ድሮው ልመለስ ብትል የተሰጠህ ጊዜ 10 ቀን ነው፤ ካለፈ በኋላ ማሽኑ ራሱ ያጠፋዋል። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል። የማያውቁት ግን ባለሙያ ነኝ ባይ «ዊንዶው ቀይሬልሃለሁ» ብሎ ፎርማት ሳያደርግ አዲስ ከላዩ ሲጭን፣ የባለቤቱ ሰነድም ወደዚያው ፎልደር እንደሚገባ ነው።

አንድ መምህር ላፕቶፑን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ መጣብኝ። ሌላ ቦታ ዊንዶው አስቀይሮ፣ ሲከፍተው ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ አገኘው። የማስተርስ ጥናቱ እዚያ ነበር፤ የሦስት ዓመት ድካም። ቦታውም ሊሞላ ደርሶ ስለነበር «የቀረውን ቆሻሻ አጥፍተህ ቦታ ፍጠርልኝ፣ እኔ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ» አለኝ። ሰውየው አላለቀሰም፤ ግን ያዘዝኩለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ አልነካውም። ሲን ከፈትኩ፤ ዊንዶውስ ዶት ኦልድ፣ ከዚያ ዩዘርስ፣ ከዚያ የእሱ ስም፣ ከዚያ ዴስክቶፕ። አምስቱም ምዕራፍ ተደርድሮ ተቀምጧል። በጣቱ የስክሪኑን መስታወት እየነካ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠራቸው። ወደ ፍላሽ ገልብጬ ሰጠሁትና ፎልደሩን ከዚያ በኋላ አጸዳነው። ያን ቀን እሱ እንዳለኝ ባደርግ ኖሮ ስሙን የምጠራበት አፍ አይኖረኝም ነበር።

6. «ዊን ኤስ ኤክስ ኤስ» የተባለውን ፎልደር በእጅህ አትንካው። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ታገኘዋለህ፤ ፕሮፐርቲስ ብትለው የሚያስደነግጥ ቁጥር ያወጣል፣ አንተም «አገኘሁት ሌባውን» ትላለህ። ቁጥሩ እንዳለ አይታመንም። እኔ በልጅነቴ ቤት ውስጥ በአንድ ስም፣ ትምህርት ቤት በሌላ ስም ነበር የምጠራው። ሁለቱን ስም የሰማ እንግዳ እናቴ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሏት ይመስለው ነበር። በዚያ ፎልደር ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ፋይሎች እንደዚያ ናቸው፦ አንዱ ፋይል እዚህም በአንድ ስም፣ ሲስተሙ ውስጥም በሌላ ስም ይታያል፤ ዲስኩ ላይ የያዘው ቦታ ግን የአንድ ነው። ስለዚህ አጥፍተህ የምታተርፈው ካሰብከው ያነሰ ነው፤ የምታፈርሰው ደግሞ የቤቱን ምሰሶ።

ይህን የማውቀው አፍርሼ ነው። በዊንዶውስ 7 ጊዜ አይፈቀድልህም ሲለኝ ፈቃዱን በግድ ወስጄ ግማሹን አጠፋሁት። ማታ በደስታ ዘግቼ ሄድኩ። ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል ነጭ መስመር ብቻ። ውስጡ የአንድ እድር መተዳደሪያ ደንብ ነበር፤ 40 ገጽ፣ ቅጂ ያልተያዘለት። ሁለት ሌሊት ሙሉ ያለ ክፍያ ደግሜ ጻፍኩት። ሽማግሌዎቹ አልተቆጡኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። የቆጮ ጉድጓድ የምትከፍተው የቤቱ ባለቤት ናት፤ የሚወጣውን አውጥታ፣ የቀረውን በኮባ መልሳ ታለብሰዋለች። ልጅ ቆፍሮ ከገባበት የከረመው ሁሉ ይበላሻል። ይህም ፎልደር ባለቤት አለው፤ ዊንዶውስ ራሱ ያጽዳው። እዚያው አጠገብ «ኢንስቶለር» የሚባል የተደበቀ ፎልደርም አለ፤ እሱንም ተወው። ካጠፋኸው የጫንካቸውን ፕሮግራሞች በኋላ ማደስም ማንሳትም ያቅትሃል።

7. ትእዛዝ መጻፍ ከወደድክ አንዱን ብቻ ልመድ። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተህ በ«ዲዝም» የምታዝዘው «ስታርት ኮምፖነንት ክሊንአፕ» የሚል ሥራ አለ፤ የተተኩትን አፕዴቶች ያጸዳል። ሲስተሙ በራሱ ጊዜ ሲሠራው አንድ ወር ጠብቆ ነው፤ አንተ ስታዝዘው ግን አይጠብቅም። ከኋላው «ሪሴት ቤዝ» የሚል ቃል ጨምር የሚሉህ ጎበዞች ይኖራሉ። አትጨምር። ያን ካደረግህ እስከዚያ ቀን የተጫኑትን አፕዴቶች አንዱንም ማንሳት አትችልም።

8. መብራቱን አስብና ጀምር። የድሮ አፕዴት ማጽዳት አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ደካማ ማሽን ላይ ከዚያም ይበልጣል። ካለቀ በኋላም ሪስታርት ሲያደርግ «አታጥፋኝ» እያለ ይቆያል። ያን ጊዜ የሰለቸው ሰው ጣቱን የማጥፊያው ቁልፍ ላይ ይጭናል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ዴስክቶፑን ዩፒኤስ ከሌለው ዝናብ ባንዣበበበት ከሰዓት አትጀምረው። በገበያ ቀን ደግሞ በፍጹም፤ ከዝዋይና ከቡታጅራ የመጣ ሰው ደጅህ ቆሞ አንተ የምትዞር ክብ ስታይ አትውል።

9. ቦታ በላ ብለህ አፕዴቱን አትዝጋ። ይህን ምክር በየሱቁ ስለምትሰማው ነው የማነሳልህ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት አንድ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ በግንቦት «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገባና ያልደፈኑትን ማሽኖች ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ታካሚ እስከመመለስ ደርሰው ነበር። ባለፍላሹ ሁሉ በሚያልፍበት እንዳንተ ያለ ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ዊንዶውስ 10ም ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛው ነጻ አፕዴት ቆሞበታል። ወደ 11 ለመሻገር ማሽኑ ከሌላው መስፈርት ጋር ቢያንስ 64 ጊጋባይት ዲስክ ይፈልጋል፤ ለሥራ ግን እሱም ይጠብብሃል፣ ስትገዛ ከፍ አድርግ። ደግሞ በመውረድ ላይ ያለ አፕዴት ካለ ማውረጃውን ፎልደር አታጽዳ፤ የከፈልክበት ፓኬጅ ነው፣ እንደገና ታወርደዋለህ።

10. «አጽጂ»፣ «አፍጣኝ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ቦታ ላስለቅቅ ብሎ ቦታ ይይዛል፤ የሚያጠፋውንም አንተ አታየውም።

11. ከማጽዳትህ በፊትና በኋላ ያለውን ነጻ ቦታ ጻፍ። የመዝገብ ያህል ክብር ያላት ሰማያዊ ደብተር በመሳቢያው ውስጥ ናት፤ ቀን፣ ከማጽዳት በፊት፣ ከማጽዳት በኋላ፣ ያጠፋሁት ምን እንደሆነ። በየሦስት ወሩ አንዴ ይበቃል፤ እኔ አንዱን ሁልጊዜ ከመስቀል በፊት አደርገዋለሁ፣ ቤቱ ተለቅልቆ ኮምፒውተሩ ለምን ይቀራል ብዬ። ነጻ ቦታው ከአንዱ ጽሕፈት ወደ ሌላው በፍጥነት እየወረደ ካየኸው ነገሩ አፕዴት አይደለም፤ ወደ መጀመሪያው ቁጥር ተመለስ። የመጨረሻው መስመር የኔ እጅ ጽሑፍ ነው፦ በፊት 3 ጊጋባይት፣ በኋላ 14። ከሥሩ ያለው ባዶ ነው። ዛሬ ማታ ሱቁን ስትዘጋ፣ መብራቱ ካለ፣ ያንተን ጀምርና ነገ ደውለህ ቁጥሩን ንገረኝ።