ሐሳብ የምትሰማው ልጅ

እዚህ ብቸና ጀግና ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ነው። የዛሬዋ ጀግናዬ ግን ብቸና አልተወለደችም። እንዲያውም ገና አልተወለደችም፤ በታሪኩ መሠረት የምትወለደው ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ነው።

መጀመሪያ ስለ ኮሚክ ላስረዳ። ኮሚክ ታሪኩ በሥዕል የሚነገርበት መጽሐፍ ነው። ገጹ በሳጥን በሳጥን ይከፈላል። ሰዎቹ የሚናገሩት ነገር ከአፋቸው አጠገብ ክብ ውስጥ ይጻፋል፤ በልባቸው የሚያስቡት ደግሞ ደመና በሚመስል ነገር ውስጥ ይጻፋል። (ይቺን ደመና ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።) ከሰው በላይ ኃይል ያለው የኮሚክ ሰው ልዕለ ጀግና ይባላል። ሱፐርማንን በስም የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1958፣ በእኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም፣ ዲሲ የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ አንድ ታሪክ አወጣ። ደራሲው ኦቶ ባይንደር፣ ሠዓሊው አል ፕላስቲኖ ናቸው። ከ30ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ ሦስት ልጆች ሱፐርማን ገና ልጅ እያለ ሰፈሩ ድረስ ሄደው «ክበባችን ግባ» ይሉታል። ክበብ ነው ያልኩት! ልክ እንደኛ ሚኒ ሚዲያ። የክበቡ ስም ሌጅን ኦፍ ሱፐር ሄሮስ ይባላል፣ የልዕለ ጀግኖች ጭፍራ እንደማለት ነው። ለመግባት ፈተና አለ፤ ያ ሁሉ ጉልበት ያለው ልጅ ሦስቱንም ፈተና ወደቀ። ኋላ ሲታይ ለካ ልጆቹ ሆን ብለው እየቀለዱበት ኖሯል።

የክበቡ ቤት በአፍጢሙ የተተከለ ሮኬት ይመስላል። መሪያቸውን በምርጫ ይሾማሉ፤ በኋላማ አንባቢዎች ራሳቸው በደብዳቤ ድምፅ ይሰጡ ጀመር። ለኛ መጽሔትም እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እላለሁ፣ መምህራችን ይስማሙ እንደሆነ እንጃ።

እያንዳንዱ አባል ከመጣበት ቦታ የተገኘ ኃይል አለው። አንዱ ምግብ ሁሉ በተበከለባት ፕላኔት የተወለደ ነው። የአገሩ ሰው እንዳይራብ ሲል ማንኛውንም ነገር መብላት ለመደ። ይህም ልጅ ብረትም ድንጋይም እንደ ቆሎ ይቆረጥማል። ይህን ሳነብ በጣም ነው የሳቅኩት፤ ሳስበው ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም፣ ኃይሉ የመጣው ከችግር ነው።

የኔዋ ጀግና ከመሥራቾቹ ሦስት አንዷ ናት፤ ስሟ ሳተርን ገርል ይባላል። አገሯ ታይታን ነው። ታይታን እንኳ በእውነትም አለ፤ የሳተርን ትልቁ ጨረቃ ሲሆን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሰው አይኖርበትም፤ በኮሚኩ ግን ሰዎቹ አንዱ የሌላውን ሐሳብ አፍ ሳይከፈት ይሰማሉ። የሷም ኃይል ይኸው ነው። ቡጢ የለ፣ እሳት መትፋት የለ። መስማት ብቻ።

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን ታሪኳን ልንገራችሁ። ከክበቡ አባላት አንዱ በሚመጣው ውጊያ እንደሚሞት ትሰማለች። ለማንም አልነገረችም። ምርጫ ሲደረግ በሐሳብ ኃይሏ ሁሉም እሷን እንዲመርጡ አደረገች (ይህ ማጭበርበር ነው፣ እኔም አልወደድኩላትም)። መሪ ከሆነች በኋላ አባላቱን በትንሽ በትልቁ እያገደች ከውጊያው አራቀቻቸው። እነሱም ሥልጣን አሰከራት ብለው አሟት። እሷ ግን የሚሞተው ሰው እኔ ልሁን ብላ ነበር። ላይትኒንግ ላድ፣ መብረቅ የሚወረውረው ልጅ፣ ሚስጥሯን ደረሰበትና ቀድሟት ሄዶ ሞተ። (አይዟችሁ፣ በዚያው ዓመት በሌላ እትም ከሞት ይነሣል።)

እኔን የገረመኝ ይህ ነው፤ የሁሉን ሐሳብ የምትሰማውን ልጅ የሷን ሐሳብ ማንም አልጠየቃትም።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ስም ሲጠራ አቤት የማይልበት አንድ ስም ነበረን። ሁለት ሳምንት ያህል ተጠራ፣ ከዚያ ተዘለለ። ሠርግ እንደነበረ ሁላችንም አውቀናል። «እሷም ፈልጋ ነው» አሉ። ማን ጠይቋት? ኮሚክ ቢሆን ኖሮ በራሷ ላይ ያለችውን ደመና እናነብ ነበር።

በአገራችንም የኮሚክ ልዕለ ጀግኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዕጣን ኮሚክስ «ጀምበር»ን አወጣ፤ ጀግናው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ለኛ ለልጆች የሚቀርበው ግን «ጥበብ ገርልስ» ነው። የሠራችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ናት፤ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያየን ሁሉ ሥራዋን እናውቃለን፣ እሷም ቀድሞ መምህርት ነበረች። ሦስቱ ጀግኖች ፍቅር፣ ፍትሕና ትዕግሥት ይባላሉ። ሞጣ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት በስልክ ያሳየችኝ። የሚታገሉት ከሌላ ዓለም ከመጣ ጭራቅ ጋር አይደለም፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው፣ በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት መቅረት ነው። ጥበብ ማለት ዕውቀትም ነው፣ የቀሚሳችን ጥለትም ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው እጁ ይባረክ።

የአክስቴ ልጅ «ይኼማ ተረት ነው፣ በእውነት ማን ያስቆመዋል?» አለችኝ። እኔም አንብቤ ያገኘሁትን ነገርኳት። በክልላችን በሞሰቦ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ነበር። ልጃገረዶች በቡድን ይሰበሰቡና ከሴት አሠልጣኞቻቸው ጋር ይነጋገራሉ። ለተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል። ወላጆችና ሽማግሌዎችም ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው ይወያያሉ። ልጅቱ ሁለቱን ዓመት ሳትዳር ከቆየች ለቤተሰቡ በግ ወይም ፍየል ይሰጣል። በኋላ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቦታ ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ለሆኑት ግን እንዲህ አልሠራም፤ እንዲያውም በፕሮግራሙ ቦታ ያገቡት በዝተው ነበር። ስለዚህ ፍየሏ ሁሉን አልፈታችም።

እኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ስብሰባው ነው። ሴት ልጅ የምታስበውን ጮክ ብላ የምትናገርበት ቦታ ተገኘ፣ አባቶችም ሰሙ። ሳተርን ገርል ያለ አፍ የምትሠራውን እነሱ በአፍ ሠሩት።

ሕጉንም እንወቅ፣ ፈተና ላይም ይመጣል። በቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 መሠረት 13 ዓመት የሞላትን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ዕድሜዋ 18 ነው ብለው ሲጽፉስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የልደት ማስረጃ የሌላት ልጅ በአንድ ሌሊት ትልቅ ትሆናለች። ስለዚህ የልደት ማስረጃ የሌላችሁ ቤተሰቦቻችሁን ወደ ቀበሌ ውሰዱ። ለጋብቻ የተባለ ነገር በሰፈራችሁ ከሰማችሁ ደግሞ ለሥርዓተ ጾታ ክበብ ተጠሪዋ መምህርት ንገሩ፤ ማን እንደነገራቸው አያወሩም።

በመጨረሻ ማስታወቂያ። ክበባችን የልዕለ ጀግና ሥዕል ውድድር ይዟል። አንድ ልሙጥ ወረቀት፣ ቢበዛ ስድስት ሳጥን። የጀግናው ኃይል እንደዚያ ብረት በሊታ ልጅ ከራሳችሁ ሰፈር ችግር የመጣ መሆን አለበት፤ ውኃ ለመቅዳት ሩቅ የሚሄድ ሯጭ ሊሆን ይችላል፣ ጭቃ የማይዘው ባለ ባጃጅም ሊሆን ይችላል። እስከ አርብ በአስተያየት መስጫው ሣጥን ውስጥ ክተቱ። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም፣ ደመናዋን ግን እንዳትረሱ።