የሰይዱ ኬይታ የስቱዲዮ ፎቶግራፎች እንደ ታሪክ ማስረጃ

ማሊያዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሰይዱ ኬይታ በ1921 እ.ኤ.አ. ገደማ ባማኮ ተወለደ። የአናጺነት ሙያ እየተለማመደ ሳለ፣ በ1935 አጎቱ ከሴኔጋል ባመጣለት ኮዳክ ካሜራ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። መደበኛ ሥልጠና አልነበረውም፤ ሆኖም ፎቶ ማጠብንና ማተምን ያሳየው የከተማው ፎቶግራፍ አንሺ ሙንታጋ ዴምቤሌ ስለነበር፣ «ራሱን በራሱ ያስተማረ» የሚለው አገላለጽ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል።

በ1948 ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተ። የመጀመሪያው የጀርባ መጋረጃው የራሱ ዘርፋማ የአልጋ ልብስ ነበር። ጨርቁን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይለውጥ ስለነበር፣ ቀን ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ በየትኛው ዘመን እንደተነሣ ከመጋረጃው መለየት ይቻላል። በአንጻሩ ሰዓቱ፣ እስክሪብቶውና ሬዲዮው ብዙ ጊዜ የስቱዲዮው ንብረት ነበሩ። መጋረጃው ዘመኑን ይመሰክራል፤ ሰዓቱ ግን የተነሺውን ምኞት እንጂ ሀብቱን አያሳይም። ፎቶግራፎቹን የባማኮ ብልጽግና መለኪያ አድርጎ ማንበብ የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

ኬይታ ከ1962 ጀምሮ የመንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቶ በ1977 ጡረታ ወጣ። በ1991 ኒው ዮርክ በተከፈተ ዐውደ ርእይ ሥራዎቹ «አንሺው ያልታወቀ» ተብለው ቀረቡ፤ ባማኮ ውስጥ ግን ስሙ በደንበኞቹ ፎቶዎች ላይ በማኅተም ሰፍሮ ይገኝ ነበር። በ1994 ፓሪስ የሚገኘው የካርቲዬ ተቋም ሥራዎቹን ለብቻቸው ካሳየ ወዲህ ዝናው ገነነ። ጋለሪዎች በግድግዳ ልክ እያስፋፉ ያሳተሟቸው ፎቶግራፎች ውበታቸው አያጠያይቅም። ደንበኛው ወደ ቤቱ የወሰደው ግን በአብዛኛው 13 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነች፣ በእጅ የምትያዝ ፎቶ ነበረች፤ የማኅበራዊ ታሪክ አጥኚ መነሻም እርሷ ብትሆን ይመረጣል።