ትምህርት 14፦ የቁልምጫ አነጋገርና ትርጉሙ

ቁልምጫ ፍቅርን ለመግለጽ የሚነገር አጠራር ነው። እንግሊዞች አብልጠው የሚወዱትን ልጅ «አፕል ኦቭ ማይ አይ» ይሉታል። ይህ ቃል በቃል ሲመለስ «የዓይኔ ፖም» ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቢሰማ ቃላቱን ያውቃቸዋል፤ ፍቅሩን ግን አያገኘውም።

የአነጋገሩ ምንጭ ሲመረመር ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዓይን ብሌን እንደ ፖም ድቡልቡል ነው ተብሎ ስለሚታሰብ «ፖም» ይባል ነበር። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህንኑ አነጋገር በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 32 ቁጥር 10 ይዟል። በዚያው ስፍራ ዕብራይስጡ «ኢሾን» ይላል፤ ይኸውም «ትንሽ ሰው» ተብሎ ይፈታል፤ የሌላውን ብሌን ትኩር ብሎ የሚያይ የራሱን ምስል አንሶ ያገኘዋልና። አማርኛው ደግሞ «የዓይን ብሌን» ይላል።

እንግዲህ ቃላቱ ቢለያዩም ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሰው ዓይኑን ከአካሉ ሁሉ አብልጦ ይሳሳለታል። ስለዚህ ተርጓሚ ቁልምጫን ሲመልስ መጠበቅ ያለበት ቃሉን ሳይሆን ፍቅሩን ነው።

ምሳሌ፦
ስሕተት፦ ሕፃኗ ለአያቷ የዓይን ፖም ናት።
ትክክል፦ ሕፃኗ ለአያቷ የዓይን ብሌን ናት።

መልመጃ
1. በአካባቢያችሁ ሕፃናት የሚቆላመጡባቸውን ሦስት አነጋገሮች ጻፉ፤ የእያንዳንዱንም ቀጥተኛና ፈሊጣዊ ፍቺ ለዩ።
2. ከሦስቱ አንዱን ወደምታውቁት ሌላ ቋንቋ መልሱ፤ ፍቅሩ እንዳይጠፋ የለወጣችሁትን ቃል ጠቅሳችሁ ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።