ለገበሬ የስልክ መተግበሪያ ለምትሠራ ልጄ

ልጄ፣ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ የስልክ መተግበሪያ ልትሠራ መነሣትህን ሰማሁ። እሰየው። ቅን ነህ፤ ችኮላህን ግን አውቀዋለሁና እነዚህን ያዝልኝ።

1. መጀመሪያ ገበያ ውረድ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል። ቢሮ ውስጥ ያማረልህ ገጽ ታች ጋይንት፣ ዓርብ ገበያ ላይ፣ በቀትር ፀሐይ አይታይም። ዕርፍ ሲጨብጥ የኖረ አውራ ጣት ትንንሽ ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ሁለቱን ይነካል። እኔ ይህን ያወቅሁት የራሴን መተግበሪያ ከሠራሁ በኋላ፣ ዘግይቼ ነው። አንድ አባወራ ስልኩን ሰጥቼው ዝም ብዬ ባይ፣ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ስድስተኛ ክፍል ለምትማር ልጁ አቀበላት። እሷ ታነባለች፣ እሱ ይወስናል። የምስጢር ቁጥሩንም ጮክ ብሎ ነገራት፤ አጠገባችን ያለችው ድንች ሻጭ ሳትቀር ሰማች። እኔ ለአንድ ሰው የሰፋሁትን ሁለት ሰው ለብሶት አረፈ! አንተ ግን ልጅቱ እንደምትኖር አስበህ ሥራ፤ ብር ከሂሳቡ ከመውጣቱ በፊት መጠኑን ስልኩ ራሱ ለአባትየው በድምፅ ይንገረው።

2. በሰዉ ሰዓት ቁጠር። ከቀኑ 8 ሰዓት ኑ ለማለት በፈረንጅ አቆጣጠር “2፡00” ብለን መልእክት ላክን። የስማዳ ሰው በጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሶ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ጳጉሜንንም አትርሳ፤ በጳጉሜን የተወለደ ሰው አለ። መሬቱንም በጥማድ ይንገርህ፤ ሄክታሩን አንተ አስላ።

3. “የቤተሰብ ስም” ብለህ አትጠይቅ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ጸሐፊው ዛሬ “ኃይሉ” ብሎ መዝግቦ ነገ “ሃይሉ” ብሎ ቢፈልገው፣ ማሽንህ “የለም” እንዳይል። ሀ፣ ሐ፣ ኀን ፍለጋው ላይ አንድ አድርጋቸው፤ ጸና ፀን፣ ሰና ሠንም እንዲሁ። በአንዲት ፊደል የተነሣ ከስም ዝርዝር የጠፋ ሰው ቤት ሄደህ ብታይ ይገባሃል።

4. የማያነብም ጆሮ አለው። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የጀመረውን 8028 እይ፦ ገበሬው ይደውላል፣ ቋንቋ ይመርጣል፣ የሰብሉን ምክር ይሰማል፤ ኢንተርኔት አያሻውም። በ2013 ዓ.ም. የመጣው ቴሌብርም ቢሆን ተራ ስልክ ለያዘው ኮከብ 127 መሰላልን (*127#) አስቀምጦለታል። አንተም እንዲህ ያለ የጓሮ በር ክፈትለት።

5. “ልክ ያልሆነ ግብዓት” ብለህ አትጻፍ። አንተ ዘንድ ግብዓት የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ገበሬው ዘንድ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ነው። ይህን የእኔን መልእክት ያስነበበ አንድ የእስቴ ሽማግሌ ማዳበሪያው ተበላሸ ብሎ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድረስ በእግሩ ሄዷል። “ስልክ ቁጥሩ 10 አኃዝ ነው፤ አንድ ጎድሏል” በለው፤ ሞልቶልህ ይቀጥላል።