ዳዶው ከጠበቀ ጃኩ አብሮ አይዙር

ቆዪ ሚጣዬ፣ ጊታሩን ገና አትክፈቺው። መጀመሪያ ድምፁ የሚቆራረጠው በማን ጥፋት እንደሆነ እንለይ። ጊታሩም፣ ኬብሉም፣ አምፑም ድምፅ ሊቆርጡ ይችላሉ፤ ከውጭ ሲሰማ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት መንኮሻኮሽ ነው። የአምፑን ድምፅ ዝቅ አድርጊና በሌላ ኬብል ሞክሪ። ከተስተካከለ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው፣ ጊታርሽን አትንኪው። በሁለተኛውም ኬብል ከተቆራረጠ፣ ጊታሩ ላይ የተሰካውን ጫፍ በቀስታ ወዝወዝ አድርጊ፤ ከዚያ አምፑ ላይ ያለውን። በጊታሩ በኩል ስትነኪው ድምፁ ሄድ መጣ ካለ፣ ሥራችን ኬብሉ የሚሰካበት ጃክ ላይ ነው።

አሁን ያቺን ፒንሳ አስቀምጪያት። ጃኩ በተነቃነቀ ቁጥር ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዳዶውን ከውጭ በፒንሳ ይዞ ማዞር ነው፤ ጥፋቱን የሚያባብሰውም ይኸው ነው። ጃኩን ከጊታሩ ጋር አጣብቃ የያዘችው ይህች አንድ ዳዶ ናት። ከጦር ኃይሎች እስከ ልምምድ ቦታ ድረስ ጊታሩን በስስ ቦርሳ ይዘሽ በቀላል ባቡርና በታክሲ ስትጋፊ፣ ኬብል ስትሰኪና ስትነቅዪ ቀስ በቀስ ትላላለች። ከላላች በኋላ ኬብሉን በነካሽ ቁጥር ጃኩ ራሱ ይዞራል፤ ከኋላው በሶልደር የተያያዙት ቀጫጭን ሽቦዎችም አብረው ይጠመዘዛሉ፤ በመጨረሻ ከሥራቸው ይበጠሳሉ። ከውጭ ዳዶውን ስታዞሪም ውስጥ ያለው ጃክ አብሮ ከዞረ፣ ሽቦውን የምትበጥሺው አንቺው ራስሽ ነሽ።

ስለዚህ ኬብሉን ንቀዪና ክፈቺው። የአንቺ ስትራቶካስተር ዓይነት ስለሆነ ፊቱ ላይ በሁለት ብሎን የታሰረች ጎድጓዳ ብረት አለች፤ በሌስ ፖል ዓይነቶቹ ደግሞ ጎኑ ላይ በአራት ብሎን የታሰረ ሳህን ታገኛለሽ። በካቻቢቴ ፍቺና በዝግታ ሳቢው፤ ሽቦው አጭር ነው። ከመነካካትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ የትኛው ሽቦ የት እንደነበረ ኋላ ይጠቅምሻል።

ሽቦዎቹ ካልተበጠሱ ግማሹ ሥራ አለቀ። ጃኩን ከውስጥ በጣትሽ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ዳዶውን በ13 ቁጥር ቁልፍ አጥብቂ፤ አንዳንዱ ጃክ 12 ቁጥር ይፈልጋል። በጃኩና በብረቱ መካከል ባለ ጥርስ ሮንዴላ ከሌለ አስገቢለት፤ ጥርሱ ጃኩ እንዳይዞር ይይዘዋል። ክሩ እስኪያልቅ ግን አታጥብቂ።

ቀጥሎ ጃኩ ላይ ያለችውን የታጠፈች የብረት ምላስ ተመልከቺ። ኬብሉ ሲገባ ጫፉን ተጭና የምትይዘው እሷ ናት። ከላላች ወደ ውስጥ ለስለስ አድርገሽ በጥቂቱ ግፊያት፤ ከቆሸሸች በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጥረጊያት። ይህ ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ጊታር ኤሌክትሪክ ከመሆኑ በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለስልክ ማዞሪያ ቤቶች የተሠራ ነው፤ ኦፕሬተሮች ቀኑን ሙሉ ሲሰኩትና ሲነቅሉት ይውሉ ነበር። ጠንካራ ዕቃ ስለሆነ በትንሽ እንክብካቤ ዓመታት ይቆይልሻል።

ሽቦው ተበጥሶስ ከሆነ? «ወንድሜ ይምጣና ይሥራልኝ» እንዳትዪ። ዘመናዊ ሙዚቃችን በክቡር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች አደገ፤ ከዚያም እንደ ሰላም ስዩም ያሉ ጊታሪስቶች በአይቤክስ ኋላም በሮሃ ባንድ የሊድ ጊታርን ድምፅ ለትውልድ አስተማሩ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ጊታር የያዙ ሴቶች ጥቂት ናቸው። አንቺ ከያዝሽው ደግሞ የውስጡንም እወቂው።

ሁለት ሽቦ ነው ያለው። ከፒክአፖቹ ድምፁን የሚያመጣው ከምላሷ ጋር ወደሚገናኘው እግር ይሄዳል፤ የመሬቱ ሽቦ ወደ ጃኩ አካል። ከተገለበጡ ጊታሩ ያጉረመርማል፤ ከተነካኩ ጨርሶ ድምፅ አይሰጥም። የጊታሩን ቀለም በጨርቅ ሸፍኚ፣ መስኮት ክፈቺ። የጃኩን እግርና ሽቦውን በጋለው የሶልደር ብረት ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ አሙቂ፣ ከዚያ የሶልደሩን ሽቦ ለጋለው እግር አስነኪ፤ ራሱ ቀልጦ ይፈስሳል። እስኪበርድ አታንቀሳቅሺው። ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ይዟል፤ ደብዝዞ እንደ እብጠት ከቆመ እንደገና አሙቂው። ሶልደር እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጊታሩ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከሆነ ጃኩ ሦስተኛ እግር አለው፤ ያ ባትሪውን የሚያበራው ነው፣ እንደነበረ መልሺው።

ከጊታሩ ውስጥ የሚወጣው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ስለዚህ እሱን መክፈት አያስፈራሽ። አምፑን ግን ፈጽሞ አትክፈቺ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ አደገኛ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሌላው ደግሞ ይኸውልሽ፦ የጊታርሽ ክሮች በጃኩ በኩል ከአምፑ የመሬት መስመር ጋር የተገናኙ ናቸው። አምፑ በ220 ቮልት ይሠራል። ሶኬቱ የመሬት መስመር ከሌለውና አምፑ ከተበላሸ፣ እጅሽ ክሩ ላይ፣ ከንፈርሽ ማይኩ ላይ ሳለ ኤሌክትሪኩ በአንቺ በኩል ያልፋል። ክሩ ትንሽ እንኳ ነዘር ካደረገሽ ጊታሩን አስቀምጪ፣ አምፑንም አስነቅዪ። የፕሮግራሙ ሰዓት ደረሰ ብለው ቢያጣድፉሽም እሺ አትበዪ።

አሁን ግጠሚውና ሞክሪው። ከዛሬ ጀምሮ ኬብሉን በማንገቻው ውስጥ አሳልፈሽ ሰኪ፤ ሰው ቢረግጠው ማንገቻው ይይዘዋል፣ ጃኩ አይጎተትም። ስትነቅዪ ሽቦውን ሳይሆን ጫፉን ያዢ። ኬብል ተሰክቶ ጊታር ቦርሳ ውስጥ አይገባም። ዳዶውን በየጊዜው በጣትሽ ፈትሺው፤ ከተነቃነቀ በዚያው ቀን አጥብቂው፤ ሽቦ እስኪበጠስ አትጠብቂ። ከባንዱ ልጆች የአንዷ ጊታር መንኮሻኮሽ ሲጀምርም አንቺ አትሥሪላት፤ ከኋላዋ ቁሚና እሷው ስትሠራ አሳዪያት።