የጉና አፈር ጣና የሚደርሰው እንዴት ነው?

የጉማራና የርብ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በሐምሌ ያያቸው ሰው ውኃቸው ቡናማ ሆኖ እንደሚወርድ ያውቃል። ቀለሙ የማሳ አፈር ነው።

መነሻው የዝናብ ጠብታ ነው። ትልልቆቹ ጠብታዎች መሬት ሲደርሱ ፍጥነታቸው በሰከንድ ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። ባዶ አፈር ላይ ሲያርፉ ጓሉን ያደቅቁታል፤ ብናኙ ይፈናጠርና የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ዝናብ ያባራበት የታረሰ መሬት ፊቱ ለስልሶ እንደ ቅርፊት የሚደርቀው ለዚህ ነው። ቀዳዳው ከተደፈነ ውኃው መስረጉን ትቶ በላዩ ይሮጣል። የጤፍ ማሳ ለዚህ በጣም የተጋለጠ ነው፤ ደጋግሞ ታርሶ፣ ልሞ የሚዘራው ዝናቡ በሚበረታበት ሰሞን ስለሆነ፣ ቡቃያው እስኪሸፍነው ድረስ አፈሩ ራቁቱን ይመታል።

ታዲያ ዛፍ መትከል አይበቃም? አይበቃም። ከረጅም ባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ተጠራቅማ የምትወርድ ጠብታ ከደመና ከመጣችው ልትተልቅ ትችላለች፤ 8 ሜትር ያህል ከወረደች ደግሞ አብዛኛውን ፍጥነቷን መልሳ ታገኛለች። ሥሩ በተጠረገ የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ጎርፍ የቀደደው ቦይ የሚታየው በዚህ ነው። አፈሩን የሚያድነው መሬት ላይ የተኛው ነው፤ ሣሩ፣ ቁጥቋጦው፣ የረገፈው ቅጠል። በደቡብ ጎንደር ካሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ወደ አንዱ ገብታችሁ ቅጠሉን በእጃችሁ ገለጥ ብታደርጉ፣ ሥርና ትል የፈለፈሉት ጥቁር፣ እርጥብ፣ ልል አፈር ታገኛላችሁ። ያ አፈር ውኃ ይጠጣል።

ወንዝ ዳር ያለ ጥቅጥቅ ሣር ደግሞ ጎርፉን ያዘገየዋል። የዘገየ ውኃ ደለል መሸከም ስለማይችል ይጥለዋል፤ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ የሚጓዘው ፎስፈረስም አብሮ ይቀራል። የሟሟው ናይትሮጅን ግን እንዲህ አይያዝም። ከፊሉን ሥር ይመጠዋል፤ ከፊሉን በረግረግ ጭቃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። በጣና ዳር ይህን ሥራ ሲሠራ የኖረው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ፣ ዳሩም ታርሶ ሲሳሳ ከማሳ የታጠበው ሁሉ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ የታየው የእምቦጭ አረምም የሚፋፋው በዚሁ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ በጉና ተዳፋት ላይ ከችግኙ በፊት ክለላው ይቅደም እላለሁ። ከብቱ ከቦታው ታግዶ ሣሩ እየታጨደ ደጁ ድረስ ቢመጣለት፣ ማንም ሳይተክለው መሬቱ በጥቂት ክረምት መልሶ ይሸፈናል።